ማን ለማን ይልቀቅ? ክሮፕና ስኬል በሊኑክስ የቪዲዮ ድራይቨር

ለአንድ የቲቪ ካርድ ሁለት ትእዛዝ ሰጣችሁት እንበል። መጀመሪያ «ከሚመጣው ምስል ላይ 320 በ240 የሆነውን ቦታ ብቻ ቁረጥልኝ» አላችሁት። ቀጥላችሁ ደግሞ «ውጤቱን 640 በ480 አድርገህ አምጣ» አላችሁት። ካርዱ ምስል ማሳነስ ይችላል፤ ማስፋት ግን አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም አብረው አይሆኑም። አንዱ መሸነፍ አለበት። የትኛው?

ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ የራሱን መልስ ይፈጥራል። አንዱ የተቆረጠውን ቦታ ያሰፋል። ሌላው ምስሉን ያሳንሳል። ሦስተኛው ስህተት ብሎ ይመልሳል። በአንዱ ካርድ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በሌላው ላይ ይበላሻል፤ ጣጣው የሚወድቀው ደግሞ ድራይቨሩን ባልጻፈው ፕሮግራመር ላይ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ቪዲዮ ፎር ሊኑክስ 2፣ በአጭሩ ቪ4ኤል2፣ ይህንን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰ ነው። በሊኑክስ ላይ ካሜራና የቲቪ ካርድ የሚነጋገሩበት መንገድ ይኸው ነው። ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 በስሪት 2.5.46 ነው። በመጀመሪያው ዲዛይን ጥሩ የሆነም፣ ጎዶሎ የሆነም ነገር ነበር። አስተካክሎ ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። ጉርድ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁለቱንም ሥራ ያውቃቸዋል። ፎቶ አንሺው ከደረት በላይ ያለውን ብቻ ይወስዳል፤ ያ ክሮፕ ነው። ከዚያ 3 በ4 አድርጎ ያትመዋል፤ ያ ስኬል ነው። በድራይቨር ቋንቋ የመጀመሪያው በምንጩ ላይ የተሰመረ ሳጥን ነው። ሁለተኛው ሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጠው ምስል መጠን ነው። የማሳነሻው ልክ ራሱን ችሎ የሚሰጥ ቁጥር አይደለም፤ የሁለቱ ሳጥኖች ውድር ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ሁለት ነገር ታዝዛለህ፤ ሦስተኛው ሳይታዘዝ ይወለዳል፤ ሃርድዌሩ ደግሞ ገደብ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው።

የድሮው ኤፒአይ (ፕሮግራም ድራይቨሩን የሚያዝባቸው ጥሪዎች ስብስብ) ለዚህ አራት ጥሪዎች ነበሩት። «ክሮፕካፕ» ካርዱ የት ድረስ መቁረጥ እንደሚችል ይናገራል። «ኤስ ክሮፕ» ሳጥኑን ያስቀምጣል። «ጂ ክሮፕ» ያለበትን ያነባል። «ኤስ ፎርማት» የውጤቱን መጠን ይወስናል።

ክሮፕካፕ ሦስት ነገር ይመልሳል፦ የመጨረሻውን ወሰን፣ ነባሪውን ሳጥን (ማንም ሳይነካው የሚሠራበትን) እና የፒክስሉን ውድር። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ግን ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ፓል በሚባለው የአናሎግ ቲቪ ሥርዓት ቢቲ878 የተባለው የቲቪ ካርድ ቺፕ አንዱን መስመር 1135 ናሙና አድርጎ ይወስዳል። ፒክስሉ እኩል ጎን እንዲሆን ግን 944 ነበር የሚበቃው። ከ1135ቱ ናሙና ስዕል የሚይዘው፣ ቺፑም ሳይቀንስ የሚሰጠው ስፋት 924 ሲሆን ቁመቱ 576 ነው። 924ን በ944 አባዝታችሁ ለ1135 ስታካፍሉት 768 ተኩል ገደማ ይመጣል። የፓል ምስል ኮምፒውተር ላይ 768 በ576 ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ውድሩን ያልጠየቀ ፕሮግራም 924 በ576 አምጥቶ እንዳለ ካሳየው የዜና አንባቢው ፊት በአግድም ይለጠጣል። ክቡ እንቁላል ይሆናል።

አሁን ወደ አንድ የተወሰነ ድራይቨር እንግባ። ቢቲቲቪ ይባላል። ቢቲ848 እና ቢቲ878 ቺፖችን ያንቀሳቅሳል፤ በዘመኑ የቲቪ ካርድ ያለው የሊኑክስ ተጠቃሚ በብዛት የሚያውቀው ድራይቨር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ የክሮፕ ድጋፍ ተጨመረበት። የጨመረው ማይክል ሺሜክ ነው፤ በቪ4ኤል2 ሰነድ ዝግጅት ላይ ትልቅ ድርሻ ያለው ሰው። ሕጉን የጻፈ ሰው ሕጉን ሥራ ላይ ሲያውለው ማየት ደስ ይላል፤ የወረቀቱ ሐሳብ ሃርድዌር ሲገጥመው የት እንደሚላላ ይታያላና።

የቺፑ ገደቦች እነዚህ ናቸው። ማስፋት የለም፤ ከአንድ ለአንድ ይጀምራል። እስከ 16 ለ1 ያሳንሳል። ከ48 በ32 ያነሰ ምስል አይሰጥም። ስፋቱ ለ4 የሚካፈል መሆን አለበት። ለምሳሌ ሳጥኑ 640 በ480 ከሆነ በ16 ሲካፈል 40 በ30 ይመጣል፤ ያ ግን ከዝቅተኛው በታች ስለሆነ ድራይቨሩ 48 በ32 ላይ ይቆማል።

እና ጭቅጭቁን በምን ፈታው? በአንድ ደንብ፦ መጨረሻ የተጠየቀው ያሸንፋል። ሌላኛው ይለቃል።

በመግቢያዬ ያነሳሁት ምሳሌ ላይ እንሞክረው። መጀመሪያ 320 በ240 ቆርጣችሁ ከዚያ 640 በ480 ምስል ብትጠይቁ፣ የመጨረሻው ጥያቄ የምስሉ መጠን ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ራሱ ወደ 640 በ480 ያድጋል። ተገላቢጦሹን ብታደርጉ፣ ማለትም መጀመሪያ 640 በ480 ምስል ጠይቃችሁ ከዚያ 320 በ240 ብትቆርጡ፣ ሳጥኑ ይጸናል፤ ምስሉ ወደ 320 በ240 ይወርዳል። ያው ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ዓይነት ውጤት። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህ መዘበራረቅ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። ቅደም ተከተል ትርጉም ያለው መሆኑ ችግር አይደለም፤ ችግር የሚሆነው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ሌሎቹን አማራጮች አስቡ። «ሁልጊዜ ክሮፕ ያሸንፍ» ቢባል፣ ስለ ክሮፕ ሰምቶ የማያውቅ ተራ የቲቪ ፕሮግራም 640 በ480 ጠይቆ 320 በ240 ይሰጠዋል፤ ምክንያቱን በፍጹም አያገኘውም። «ሁልጊዜ መጠን ያሸንፍ» ቢባል ደግሞ የምስሉን አንድ ጥግ አጉልቶ ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ መጠኑን ካላሳነሰ ክሮፑ አልገባም እያለ ሲዞር ይውላል። «ስህተት መልስ» ቢባል ፕሮግራሙ ገደቡን በግምት እየፈለገ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። ከነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ያሸንፍ የሚለው ይሻላል፤ ተጠቃሚው አሁን የፈለገውን ነገር ያከብራልና።

ደንቡ ግን አንድ ነገር አልመለሰም። የተቆረጠው ሳጥን እስከ መቼ ይታወስ የሚለውን።

በቪ4ኤል2 ሕግ መሠረት የክሮፕ ሳጥን ለመሣሪያው አንድ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ፕሮግራም የጋራ ነው። ድራይቨሩ ሲጫን ወደ ነባሪው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ካልጠየቀ አይለወጥም። እንደ ብርሃንና ቀለም ማስተካከያ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። በተግባር ግን እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ፕሮግራም የምስሉን የቀኝ ጥግ ቆርጦ ሲቀዳ ቆይቶ ይዘጋል። ማታ ሌላ ሰው ዜና ለማየት ሌላ ፕሮግራም ይከፍታል። ያ ፕሮግራም ክሮፕ ከመኖሩ በፊት የተጻፈ ነው፤ ሳጥኑን የሚመልስ ኮድ የለውም። ሰውየው የጋዜጠኛዋን ትከሻ ብቻ ያያል።

የዚያን ጊዜው የቢቲቲቪ መፍትሔ በኮዱ ውስጥ በአስተያየት መልክ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ድራይቨሩ ሁለት ሳጥን ይይዛል። ቁጥር ዜሮ ነባሪው ነው። ቁጥር አንድ ሕጉ የሚጠይቀው የጋራው ሳጥን ነው። ማንኛውም ፕሮግራም መሣሪያውን ሲከፍት ቁጥር ዜሮን ያያል። ራሱ ኤስ ክሮፕ ብሎ ሲጠራ ብቻ ወደ ቁጥር አንድ ይሻገራል። ስለ ክሮፕ የማያውቅ ፕሮግራም እንግዲህ የሌላውን ሰው ቅሪት በፍጹም አይገናኘውም።

በእኔ ግምት ከጉዳዩ ሁሉ ብልህ የሆነው ውሳኔ ይህ ነው። የሕጉን ፊደል ትንሽ ያጣምማል፤ መንፈሱን ግን ያድናል። በነጻ ግን አልመጣም። በአንድ መስኮት በትእዛዝ መስመር መሣሪያ ሳጥኑን አስተካክሎ በሌላ ፕሮግራም መቅዳት የሚፈልግ ሰው አይሳካለትም። ቀጂው ፕሮግራም ራሱ ኤስ ክሮፕ ስላልጠራ ነባሪውን ነው የሚያየው። የድሮዎቹን ፕሮግራሞች ለማዳን የተከፈለ ዋጋ ነው፤ እና እኔም ብሆን እከፍለው ነበር።

ሌላም ትንሽ ወጥመድ ነበረች። በአናሎግ ቲቪ ከስዕሉ በላይ ያሉት መስመሮች ቴሌቴክስትና የጽሑፍ መግለጫ ይሸከማሉ። ቺፑ አንዱን መስመር ለስዕልም ለጽሑፍም በአንዴ ሊወስደው አይችልም። ስለዚህ የክሮፕ ሳጥኑ ጣሪያ ጽሑፍ አንባቢው ከሚያቆምበት መስመር በታች መጀመር አለበት። ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች፣ አንድ ወሰን። ቀረጻ እየተካሄደ ሳጥኑን ለመቀየር የሞከረ ደግሞ «መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ይመለስለታል፤ መሮጥ ከተጀመረ በኋላ የባፈሩ (ምስሉ የሚከማችበት የሜሞሪ ቦታ) መጠን አይነካም።

እስካሁን ያየነው ድራይቨሩ የሚችለውን ሁሉ ሲያደርግ ነው። ኤፒአዩ ራሱ ግን ጎዶሎ ነበር። ከሁሉ የሚያናድደው ኤስ ክሮፕ የአንድ አቅጣጫ ጥሪ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ሳጥን ይልካል፤ ድራይቨሩ ለሃርድዌሩ እንዲመች አስተካክሎ ይቀበላል፤ የተስተካከለውን ግን መልሶ መላክ አይችልም። «እሺ» ይላል፤ ምን እሺ እንዳለ አይናገርም። ለማወቅ ጂ ክሮፕ ብሎ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ገብቶ ሊቀይረው ይችላል። ኤስ ፎርማት እኮ የተስተካከለውን በዚያው ጥሪ ይመልሳል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጥሪዎች ለምን የተለያየ ጠባይ እንደተሰጣቸው አይገባኝም። እየተደራደሩ ያሉ ሁለት ቁጥሮች አንዱ እየተናገረ፣ አንዱ ዝም እያለ ድርድሩ እንዴት ይጨረሳል?

ሁለተኛው ጉድለት አቅጣጫ ነው። ጥሪዎቹ የተነደፉት ለቀላል ቀጂ ካርድ ነበር። ቆይቶ ምስል የሚያወጡ መሣሪያዎች መጡ፤ ማለትም ከሜሞሪ ወስደው ወደ ስክሪን የሚልኩ። እነሱም ያንኑ ክሮፕ የሚባል ጥሪ ተዋሱት። እነሱ ጋ ግን ሳጥኑ የሚያመለክተው ምስሉ ስክሪኑ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ያ መቁረጥ አይደለም፤ ማስቀመጥ ነው። ሰነዱ ራሱ በኋላ ላይ ይህን ኤፒአዩን ያለ አግባብ መጠቀም ብሎታል። ከሜሞሪ ወስደው ወደ ሜሞሪ የሚመልሱ ቺፖች ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ዞረ። አንዱ መሣሪያ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ የጥሪው ስም አንድ ነው። የሳምሰንግ የቆዩ ድራይቨሮች ትርጉሙን ከሌሎቹ በተቃራኒ ያዙት፦ ሌላው ቆረጣ የሚለውን እነሱ አቀማመጥ አሉት፣ አቀማመጥ የሚለውን ደግሞ ቆረጣ። በደንብ ያልተጻፈ ነገር ላይ ማንን ትወቅሳለህ?

ሦስተኛው ደግሞ ባፈሩ ውስጥ ነው። አንድ ትልቅ ምስል ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ የካሜራውን ስዕል በአንድ ጥጉ ላይ ብቻ ማሳረፍ የፈለገ ሰው ሕጋዊ መንገድ አልነበረውም። የመስመሩን የባይት ርዝመት ያጭበረብራል፤ የባፈሩን አድራሻ ጥቂት ወደፊት ይገፋል። በአንዳንድ ፎርማት ይሠራል። የቤየር (የካሜራ ሴንሰር ጥሬ ምስል) ወይም በብሎክ የተደራጀ ፎርማት ሲመጣ፣ ወይም ባፈሩን ከርነሉ ራሱ ሲሰጥ፣ ዘዴው ይከሽፋል።

ይህን ሁሉ በነባሩ ላይ መጠገን አልተቻለም፤ ምክንያቱ ደግሞ ተራ ነው። የድሮዎቹ ስትራክቶች (ጥሪዎቹ መረጃ የሚይዙባቸው ቅጾች) ለወደፊት የተተወ ባዶ ቦታ አልነበራቸውም። ከተጠቃሚ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገር ስትራክት መጠኑ አንዴ ከወጣ አይነካም። አንድ ባንዲራ፣ ማለትም አዎ ወይም አይደለም የሚል ምልክት፣ ለመጨመር እንኳ ቦታ የለም።

ስለዚህ አዲስ ጥሪ ተሠራ። ስሙ ሴሌክሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ከወጣው ከርነል 3.2 ጋር መጣ። የሠራው በሳምሰንግ ይሠራ የነበረው ቶማሽ ስታኒስዋቭስኪ ነው። ትርጉሙን ከገለበጡት ድራይቨሮች ቤት መፍትሔው መምጣቱ አይገርምም፤ ችግሩ በየቀኑ የሚቆነጥጣቸው እነሱ ነበሩ።

ሴሌክሽን በመጀመሪያ ስሞቹን ለየ። እያንዳንዱ ጥሪ ኢላማ ይይዛል፦ ክሮፕ ወይም ኮምፖዝ። ክሮፕ ከምንጩ የሚወሰደው ነው። ኮምፖዝ መድረሻው ላይ የሚያርፍበት ነው። መሣሪያው ቀጂም ይሁን አውጪ ትርጉሙ አይገለበጥም። ለእያንዳንዱ የራሱ ነባሪና የራሱ ወሰን ኢላማ አለው። አንድ ተጨማሪም አለ፤ ሃርድዌሩ ሲጽፍ ዳር ዳር የሚነካውን ትርፍ ፒክስል ጨምሮ የሚያሳይ። ስዕል ከስዕል ጎን ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ወርቅ ነው፤ ጎረቤቱ የት ድረስ እንደሚበላሽ ቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ጥሪው ሁለት አቅጣጫ ሆነ። የተስተካከለው ሳጥን በዚያው ጥሪ ይመለሳል።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፦ ፕሮግራሙ ወደየት እንደሚጠጋ ይናገራል። ሃርድዌሩ ስፋት በ8 ብዜት ብቻ የሚቀበል ነው እንበል፤ እናንተ 1001 ጠየቃችሁ። «አይነስ» የሚለውን ባንዲራ ካነሳችሁ 1008 ታገኛላችሁ። «አይብለጥ» ካላችሁ 1000። ሁለቱንም በአንዴ ካነሳችሁ «ልክ ይህንኑ» ማለት ነው፤ ድራይቨሩ ካልቻለ ከክልል ውጭ ነው ብሎ ስህተት ይመልሳል። ምንም ካላላችሁ እንደቀድሞው ድራይቨሩ ይመርጣል። የፊት መለያ ፕሮግራም ፊቱ እንዳይቆረጥበት አይነስ ይላል። ባፈሩ ጠባብ የሆነበት አይብለጥ ይላል። የማን ፍላጎት እንደሆነ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው፤ ቀድሞ ግን የሚገምተው ድራይቨሩ ነበር።

የስልክና የቦርድ ካሜራዎች ላይ አንድ ምስል በብዙ ክፍል ያልፋል፦ ሴንሰር፣ ማቀነባበሪያ፣ ማሳነሻ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ክሮፕና ስኬል አለው። እዚያ የመጨረሻው ያሸንፍ የሚለው ደንብ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ቅደም ተከተሉ ተወሰነ፦ መጀመሪያ የመግቢያው ፎርማት፣ ከዚያ ክሮፑ፣ ከዚያ ኮምፖዙ፣ መጨረሻ የመውጫው በኩል። ከላይ የነካ ሰው ከታች ያለውን ሁሉ እንደገና ያስጀምራል። ይህን የማይፈልግ፣ የታችኛው እንዳለ ይቆይልኝ የሚል ባንዲራ ያነሳል። አቀማመጡ እንደ ውኃ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፤ ወደ ላይ ተመልሶ የሚያስቸግር ማስተካከያ የለም።

የድሮው ግን አልሞተም። ከርነል የተጠቃሚ ፕሮግራም አይሰብርም። ስለዚህ ዛሬ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ሴሌክሽንን ብቻ ይጽፋል፤ የድሮዎቹን የክሮፕ ጥሪዎች ከመሐል ያለው የጋራ ኮድ ወደ ሴሌክሽን ይተረጉማቸዋል። ቢቲቲቪም ራሱ ወደ ሴሌክሽን ተሻግሯል። የተገለበጡት የሳምሰንግ ድራይቨሮች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በግልጽ ተፈታ፦ «ይህ ድራይቨር ክሮፑ የተገለበጠ ነው» የሚል ምልክት ተበጀላቸው፤ የጋራው ኮድ ምልክቱን ሲያይ ሁለቱን ኢላማዎች ያለዋውጣል። አስቀያሚ ነው። ግን ስህተቱ ስም አግኝቶ አንድ ቦታ ተቀመጠ፤ በየፕሮግራሙ ተበታትኖ ከሚኖር ይሻላል።

ሴሌክሽንም ራሱ ከጣጣ አላመለጠም። ምስሉ በብዙ ፕሌን (በተለያዩ የሜሞሪ ክፍሎች ተከፋፍሎ) የሚቀመጥባቸው መሣሪያዎች ላይ የባፈሩ ዓይነት ምን ተብሎ እንደሚሞላ በደንብ አልተወሰነም ነበር። አንዳንዱ ድራይቨር የብዙ ፕሌኑን ስም ብቻ ይቀበል ነበር፤ ሌላው ተራውን ብቻ። ከከርነል 4.13 ጀምሮ ሁለቱም ይሠራሉ። ያው የመጀመሪያው በሽታ ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰነዱ ላይ ስትጎድል ድራይቨሮች በሁለት ጎራ ይቆማሉ።

ክሮፕካፕም ለአንድ ነገር እስካሁን በሕይወት አለ። ሴሌክሽን ወሰኑንና ነባሪውን ወሰደለት፤ የፒክስሉን ውድር ግን አልወሰደም። ስለዚህ 1135 ለ944 የሚለውን ለማወቅ የሚፈልግ ፕሮግራም ዛሬም ክሮፕካፕን ይጠራል።

ይህን በገዛ ዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ካርድ መግዛት አያስፈልግም። ቪቪድ የተባለ ሃርድዌር የሌለው የሙከራ ድራይቨር ከከርነል 3.18 ጀምሮ አለ። ክሮፕን፣ ኮምፖዝንና ስኬለርን ለየብቻ ማብራትና ማጥፋት ያስችላል፤ ሦስቱ ሲቀላቀሉ ስምንት ዓይነት መሣሪያ ይሆናሉ። ቪ4ኤል2 ኮምፕላያንስ የተባለው መፈተሻ ደግሞ ክሮፑን፣ ኮምፖዙንና ስኬሉን እየነጣጠለ ያልፋል ወይም አያልፍም ይላል። ማስፋት የማይችል መሣሪያ አስመስላችሁ 320 በ240 እና 640 በ480ን በሁለቱም ቅደም ተከተል ጠይቁት።